ከዓሣው በፊት አሸዋው፦ የታንጋኒካን አሸዋ ኗሪ ዓሣ ሐዋሳ ውስጥ የማኖር አሠራር

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ገንዳው ፊት ቆሞ ስለ ዓሣዎቹ ይጠይቃል። ስንት ተገዙ? ይበላሉ ወይ? ለምን አያድጉም? «ዓሣ ከወደድክ አሞራ ገደል ሄደህ ጥብስህን አትበላም ወይ?» ያለኝም አለ፤ አሞራ ገደል የሐዋሳ የዓሣ ገበያ ነው። ስለ አሸዋው የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድም ሰው የለም። እኔ ደግሞ በመጀመሪያው ዙር የከሰርኩት በዓሣው ሳይሆን በአሸዋው ነው። ስለዚህ ይህ መመሪያ ብዙ ቦታ የሚሰጠው ለአሸዋው ቢሆን አትፍረዱብኝ።

ዓሣው ዜኖቲላፒያ ይባላል። ስሙ «እንግዳ ቲላፒያ» እንደማለት ነው፤ ቦውሌንጀር የተባለው የዓሣ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣለት ነው። ወገኑ ብዙ ዝርያዎች አሉት። እኔ የማኖረው ፍላቪፒኒስ የሚባለውን፣ ማለትም ባለ ቢጫ ክንፉን ሲሆን፣ ይህን ዝርያ ለሳይንስ ያስተዋወቀው ቤልጂጋዊው ማክስ ፖል እ.ኤ.አ. በ1985 ነበር። ርዝመቱ ከአንድ ጣት ብዙም አይበልጥም። ሰውነቱ ቀጭን፣ መልኩ አሸዋ የመሰለ ብርማ ነው፤ የጀርባ ክንፉን ሲዘረጋ ብቻ ቢጫው ብልጭ ይላል። በሩቁ ለሚያየው «ይህ ምን ያምራል?» የሚያሰኝ ዓሣ ነው። ውበቱ ሥራው ላይ ነው፤ ሥራውን ለማየት ደግሞ ትክክለኛ አሸዋ ያስፈልጋል።

አገሩን ማወቅ

ታንጋኒካ ሐይቅ 673 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ ጥልቀቱ 1,470 ሜትር ይደርሳል። ቡሩንዲ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ታንዛኒያና ዛምቢያ ይጋሩታል። ይሁንና ከዚያ ሁሉ ጥልቀት ዓሣ የሚተነፍስበት የላይኛው ክፍል ብቻ ነው። በሰሜን ከ100፣ በደቡብ ከ200 ሜትር ገደማ በታች ያለው ውሃ ኦክስጅን የለውም። የእኛ ዓሣ የሚኖረው ዳር ዳሩን፣ በድንጋያማ ስፍራዎች መካከልና አጠገብ በተዘረጋው የአሸዋ ሜዳ ላይ ነው።

እስቲ ያንን ሜዳ በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ውሃው ጥርት ያለ፣ ፀሐዩ እስከ ወለሉ የሚደርስ፣ መሸሸጊያ የሚሆን ድንጋይ ራቅ ራቅ ብሎ የሚገኝበት ነው። ከላይ ወፍ፣ ከጎን ትልልቅ ዓሣ አለ። እንዲህ ባለ ቦታ የሚኖር ፍጥረት ምን ይሆናል? አሸዋ ይመስላል፣ በመንጋ ይሄዳል፣ ትንሽ ጥላ ባየ ቁጥር ይበረግጋል። ዓይኖቹ ወደ ጭንቅላቱ አናት የተጠጉ ናቸው፤ አፉ ግን ወደ ታች ያዘነበለ ነው። አንገቱን ደፍቶ እየበላ ሰማዩን ይጠብቃል ማለት ነው። ገንዳውን ስታዘጋጁ «ይህን ለምን አደርጋለሁ?» የሚል ጥያቄ ከመጣባችሁ፣ መልሱ ሁልጊዜ ያ ሜዳ ላይ ይገኛል።

ታንጋኒካና የሐዋሳ ሐይቅ የአንድ ስምጥ ሸለቆ ልጆች ናቸው፤ እሱ በምዕራቡ ክንድ፣ የእኛው በኢትዮጵያው በኩል። የሐዋሳው ጥልቀቱ ከ20 ሜትር እምብዛም ያልዘለለ፣ ጥቁር ውሃ ወንዝ የሚገባበት፣ በገጸ ምድር መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። የዜኖቲላፒያ የሩቅ ዘመድም ሞልቶበታል፤ ሁላችንም በጥብስ የምናውቀው ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ የሲክሊድ ቤተሰብ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት አንድ የነጻ ትምህርት አለላችሁ። ጠዋት አሞራ ገደል ሂዱና ዓሣ ከሚገፍፉት ልጆች አንዱን የአንድ ቆሮሶ ስንጥብ፣ ማለትም መተንፈሻው፣ ክዳኑን ገልጦ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጥራጊያቸውን እየጠበቁ ከኋላችሁ ይሰለፋሉ፤ አትፍሯቸው። ቀዩን ስንጥብ የተሸከመው ቅስት በውስጥ በኩል እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ትንንሽ እሾኮች አሉት። ዜኖቲላፒያም ያው ማበጠሪያ አለው። ለአሸዋ የሚሆነው ዋናው መሣሪያው እሱ ነው።

አሸዋው

እናቶቻችን ምስር ሲያንገዋልሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሰፌዱ ይወዛወዛል፣ ፍሬው በአንድ ወገን ይቀራል፣ ጠጠሩ በሌላ ይወጣል። ዜኖቲላፒያ ይህንን በአፉ ያደርገዋል። በአፍንጫው ወደ ታች ይሰካና አፍ ሙሉ አሸዋ ያነሣል፤ ያላምጣል፤ ከዚያ ንጹሑ አሸዋ በስንጥቡ ቀዳዳዎችና በአፉ ተመልሶ ይፈስሳል። ማበጠሪያው ላይ የቀሩት ጥቃቅን ነፍሳትና እጮች ወደ ጉሮሮ ያልፋሉ። ሲክሊዶች ጉሮሯቸው ውስጥ ሁለተኛ መንጋጋ አላቸው፤ የተያዘውን የሚፈጨው እሱ ነው። ይህ ሥራ ከጠዋት እስከ ማታ አይቋረጥም። አሸዋ ለዚህ ዓሣ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ ማስዋቢያ አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ በስስ ስንጥቡ መካከል የሚያልፍ ነገር ነው።

እኔ ይህን በቅጡ ሳላውቅ ከጎረቤቴ የግንባታ ክምር ላይ ሁለት ባልዲ አሸዋ ለምኜ አመጣሁ። አጠብኩት፣ ገንዳ ውስጥ ጨመርኩት፣ ሲታይ አማረ። በሁለተኛው ሳምንት ዓሣዎቹ ማንገዋለሉን ተዉ። ከዚያ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ጀመሩ። ከስምንቱ ሦስቱ ሞቱ፤ የአንዱን ስንጥብ ብገልጥ ጫፉ የተላጨ መሰለኝ። አሸዋውን በማጉያ መነጽር ሳየው ጥቋቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጠርዙ እንደ ምላጭ የሆነ ስንጣሪ ሞልቶበታል፤ ባልጩት ነበር። ነገሩ ሊያስገርመኝ አይገባም ነበር። ሐዋሳ የተቀመጠችው በጥንት እሳተ ገሞራ በተደረመሰ ሰፊ ገበታ ውስጥ ነው፤ የኮርቤቲ እሳተ ገሞራም አጠገባችን ነው። በአካባቢያችን አሸዋ ውስጥ ባልጩትና ብሎኬት የሚሠራበት ቀላሉ ፑሚስ መኖሩ የሚጠበቅ ነው። ለግድግዳ ጥሩ ነው፤ ለስንጥብ መርዝ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ።

ከማንኛውም አሸዋ መጀመሪያ አንድ ኩባያ ብቻ ውሰዱ። ግማሽ ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨምሩና በእጃችሁ አማስሉት። የሚንሳፈፍ ካለ ፑሚስ ነው። ጥቂት ከሆነ ከላይ ቀፍፋችሁ ልትጥሉት ትችላላችሁ፤ ገጹን ከሸፈነው ግን ያንን አሸዋ ተዉት፤ ሌላ ፈልጉ።

የሰመጠውን አድርቃችሁ ነጭ ወረቀት ላይ በትኑና ፀሐይ ላይ በማጉያ መነጽር ተመልከቱት። የምትፈልጉት ጠርዙ የዶለዶመ፣ እንቁላል እንቁላል የሚመስል ፍሬ ነው። ወንዝ ወይም ማዕበል ለብዙ ዘመን ያንከባለለው አሸዋ እንዲህ ይሆናል። ጥቁር መስታወት የመሰለ ስንጣሪ ካያችሁ ለቀማ አትሞክሩ፤ ለቅማችሁ አትጨርሱትም። ማጉያ መነጽር ከሌላችሁ እርጥቡን አሸዋ በሁለት መዳፋችሁ መካከል አሹት። መዳፋችሁን ከቆጠቆጠው፣ የዓሣውን ስንጥብ እንዴት እንደሚያደርገው ገምቱ።

የፍሬው መጠን ከገበታ ጨው ባይበልጥ መልካም ነው፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማና ከዚያ በታች። አንድ ሚሊ ሜትር ከደረሰ ዓሣው ያነሣዋል፣ ግን ይታክተዋል። ስለዚህ ደረቁን አሸዋ በዱቄት ወንፊት ንፉት፤ ያለፈውን ውሰዱ፤ የቀረውን ለጎረቤት መልሱ። በተቃራኒው ዱቄት የሆነ ትቢያም አይረባም፤ ውሃውን ለሳምንታት ያደፈርሳል።

ድካሙ ለሚከብደው አቋራጭ አለ። የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ሆቴሎች ለውሃ ማጣሪያቸው የሚገዙት የተጣራ አሸዋ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ነጭና ድብልብል ነው። ዋጋው ይወደዳል፣ ግን አንዴ ነው። እሱንም ቢሆን መንፋት አይቅር፤ ሻካራው እንዲለይ። እኔ በሁለተኛው ዙር የገባሁት በዚህ መንገድ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተጸጸትኩም።

ከሐይቁ ዳር ማፈስስ? አይሆንም። የወፍ ኩስ፣ የቀንድ አውጣና የዓሣ ጥገኛ ትል አብሮ ይመጣል። በዚያ ላይ በሐይቁ ዳርቻ ሣር በበዛበትና በማይንቀሳቀስ ውሃ ውስጥ እግር ማስገባት ለቢልሃርዚያ ያጋልጣል። ከዳር ቆማችሁ ማየት ግን አይከለከልም። ጥርት ባለ ቀን ጥልቀት በሌለው ቦታ ላይ ወንዱ ቆሮሶ የቆፈረውን እንደ ሳፋ ጎድጓዳ ጎጆ ልታዩ ትችላላችሁ።

እጥበቱ እንደ ጤፍ እጥበት ነው፤ ውሃው እስኪጠራ መድገም። ሳሙና በፍጹም እንዳይነካው። ያጠባችሁትን አንድ ጊዜ የፈላ ውሃ አፍስሱበትና ፀሐይ ላይ አስጡት።

ውፍረቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ዓሣው የማይደርስበት ታችኛው ክፍል ይጠቁርና የተበላሸ እንቁላል ይሸታል። 120 በ50 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ወለል 4 ሴንቲ ሜትር ማለት 24 ሊትር አሸዋ ነው፤ በሚዛን ወደ 38 ኪሎ ይጠጋል። በባጃጅ ስትጭኑት ሹፌሩ «ይህ ሁሉ ለዓሣ?» ማለቱ አይቀርም።

ገንዳው

የሜዳ ዓሣ ነው፤ የሚያስፈልገው ወለል እንጂ ቁመት አይደለም። ረጅምና ጠባብ ጌጠኛ ገንዳ ለእሱ ጉድጓድ ነው። ለስምንት ዓሣ 120 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 50 ስፋት፣ 45 ከፍታ ጥሩ ልክ ነው። መስታወት ቆራጭ ዘንድ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አስቆርጡ፤ የላይኛውን ጠርዝ በመስታወት ማሰሪያ አጠናክሩ። ሲሊኮኑ ፀረ ሻጋታ ያልተጨመረበት ይሁን። ከተለጠፈ በኋላ አንድ ሳምንት ይድረቅ፤ ከዚያም ውጭ ግቢ ውስጥ ሞልታችሁ ሁለት ቀን አሳድሩት። ቢያፈስ ሣሩ ይጠጣል።

ማስቀመጫው ጠንካራ ይሁን። ውሃው፣ አሸዋውና መስታወቱ ተደምረው ከ300 ኪሎ ያልፋሉ። በውሃ ልክ ለኩት፤ ከሥሩ ስስ ፎም አንጥፉ። መስኮት ሥር አታድርጉት፤ በመንገዱ የሚያልፍ የእያንዳንዱ ሰው ጥላ ዓሣውን ያስበረግገዋል። ክዳን ግዴታ ነው። ይህ ዓሣ ይዘልላል፤ ደንግጦ ሲዘል ደግሞ ወዴት እንደሚያርፍ አያስብም።

ድንጋይ ከፈለጋችሁ ሦስት አራት፣ በአንድ ወገን ብቻ ይሁን። ድንጋዩን መጀመሪያ መስታወቱ ላይ በፎም ቁራጭ አስቀምጡና አሸዋውን ከዚያ በኋላ አፍስሱ። አሸዋ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ዓሣው ሥሩን ሲቆፍርለት ይናዳል። ቀሪውን ሜዳ ባዶ ተዉት። ባዶ ሲሆን አያምርም የምትሉ ከሆነ ሌላ ዓሣ ፈልጉ።

ውሃውና አየሩ

የታንጋኒካ ውሃ ጠንካራና አልካሊ ነው፤ ፒኤቹ፣ ማለትም የአሲድነትና የአልካሊነት መለኪያው፣ 8.6 እና 9.2 መካከል ይዋልላል። የእናንተን የቧንቧ ውሃ ሳትለኩ ምንም አታድርጉ፤ ከሰፈር ሰፈር፣ ከወቅት ወቅት ይለያያልና። የውሃ መመርመሪያ ጠብታ ከዓሣው ጋር አብራችሁ እዘዙ። የካርቦኔት ጥንካሬው ከ10 ዲግሪ በታች ከሆነ ቤኪንግ ሶዳ ይበቃል፤ 3 ግራም ለ100 ሊትር አንድ ዲግሪ ከፍ ያደርጋል። ዓሣ ካለበት በቀን ከአንድ ዲግሪ በላይ አትጨምሩ። የጉድጓድ ውሃ ካላችሁ ተጠንቀቁ። በስምጥ ሸለቆው የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ፍሎራይድ የበዛበት ቦታ አለ፤ የሰው ጥርስ የሚያበልዝ ውሃ ለዓሣም አይመከርም።

ክሎሪን ያለበትን የቧንቧ ውሃ ክፍት በርሜል ውስጥ አየር እየነፋችሁበት አንድ ሁለት ቀን አቆዩት።

አሁን ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር ይመጣል። የዓሣ ሽንትና የምግብ ትርፍ አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ ሁለት መልክ አለው፤ አንደኛው ያን ያህል አይጎዳም፣ ሌላው ይገድላል። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ፒኤች ነው። በ25 ዲግሪ ሙቀት ፒኤች 7 ላይ ገዳዩ መልክ ከጠቅላላው 1 በመቶ አይሞላም፤ 8 ላይ 5 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ 9 ላይ ከሦስት እጅ አንዱን ያልፋል። ለሌላ ዓሣ ይቅር የሚባል ስንፍና ለዚህ ዓሣ ሞት የሚሆነው ስለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። ገንዳው ዓሣ ሳይገባበት ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይሠራ። በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ጣሉበት። አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ ይራባሉ። የቆየ ገንዳ ያለው ወዳጅ ካላችሁ ከስፖንጁ ቁራጭ ለምኑት፤ ጊዜውን ያሳጥራል። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነው ለአንድ ሳምንት ከቆዩ ገንዳው ተዘጋጅቷል። ልጆቻችሁ «ባዶ ውሃ ለምን ትቀልባለህ?» ይላሉ፤ ያልፋል።

ስለ አየሩ ደግሞ ላንሣ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በ25 ዲግሪ ሙቀት በባሕር ጠለል ደረጃ አንድ ሊትር ውሃ 8.2 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሊይዝ ሲችል፣ እዚህ ግን 6.7 ገደማ ላይ ይቆማል። ታንጋኒካ 770 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ዓሣው የለመደው ከእኛ የተሻለ ነው። መመሪያዎች «አንድ የአየር ፓምፕ ይበቃል» ሲሉ ከፍታችንን አላሰቡም። ሁለት አድርጉ፤ አንዱ በባትሪ የሚሠራ ይሁን። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያልቀው ሙቀቱ አይደለም፤ 240 ሊትር ውሃ ቀስ ብሎ ነው የሚቀዘቅዘው። ቀድሞ የሚያልቀው አየሩ ነው። ማሞቂያውም ቢሆን አይቅር፤ ቀን የሚሞቀን ከተማ ሌሊት ይቀዘቅዛል። 200 ዋት ይበቃል፤ ከ25 እስከ 27 ዲግሪ ባለው ላይ አድርጉት።

ዓሣው ሲመጣ

ከአዲስ አበባ ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ኦክስጅን በተሞላ ላስቲክ፣ በፎም ሣጥን ውስጥ፣ በማለዳ ይጫኑ። ከስምንት አታሳንሱ፤ ጥቂት ከሆኑ ጠንካራው ደካማውን ያሳድዳል፣ መንጋም አይሆኑም። ሲደርሱ የክፍሉን መብራት አጥፉ። ላስቲኩን ገንዳው ላይ አንሳፍፉና በየ10 ደቂቃው ግማሽ ብርጭቆ የገንዳ ውሃ ጨምሩበት፤ ለአንድ ሰዓት። ከዚያ ዓሣዎቹን ብቻ በመረብ አንሥታችሁ አስገቡ። የጉዞው ውሃ ይደፋ። በዚያ ቀን አትመግቡ፤ መስታወቱንም አታንኳኩ፤ ጎረቤትም አትጥሩ።

አብሯቸው ቆሮሶ ማስገባት የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ ይቅር። በጣት ያህል የገባ ቆሮሶ በጥቂት ወር ብዙ ያድጋል፤ ሜዳውንም የሜዳውንም ባለቤቶች ያጠፋል።

ምግቡ

ትንንሽ፣ የሚሰምጥ፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ። አርቴሚያ የሚባለው የጨው ውሃ ጥቃቅን ፍጥረት ጫጩት፣ ዳፍንያ የሚባለው የጣፋጭ ውሃ ጥቃቅን ፍጥረት፣ የተፈጨ የዓሣ ምግብ። የበሬ ጉበትና ልብ የሚሰጡ አሉ፤ ሆድ ይነፋባቸዋል፤ አይሞከር። በክረምት የወባ ትንኝና የቢንቢ እጭ ከዝናብ ውሃ በርሜል ማጥለል ይቻላል፤ ዓሣው ይወድደዋል። ነገር ግን በየሦስት ቀኑ በርሜሉን ሙሉ በሙሉ ካላጠለላችሁ ዓሣ እየመገባችሁ ሰፈሩን በወባ ታስነድፋላችሁ። እጭ በሳምንት ውስጥ ክንፍ ሊያወጣ ይችላል። መዘንጋት የሚወድ ሰው ይህን አይጀምር።

ምግቡ አሸዋው ላይ ከወረደ በኋላ ወንበር አቅርባችሁ ተቀመጡ። ስምንቱም አንገታቸውን ደፍተው፣ ከስንጥባቸው አሸዋ እንደ ጢስ እየተነነ፣ ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሲያንገዋልሉ ታያላችሁ። ማንገዋለል ያቆመ ዓሣ የታመመ ዓሣ ነው። ከማንኛውም የመመርመሪያ ጠብታ ይልቅ እኔ የማምነው ይህንን ምልክት ነው።

ሲዋለዱ

ወንድና ሴት በመልክ አይለዩም፤ መለየትም አያስፈልግም፤ ከመንጋው ራሳቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ። ጥንዶቹ የአሸዋውን አንድ ጥግ ይይዛሉ፤ የቀረውን ያባርራሉ። ቢጫው ክንፍ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ያኔ ነው። ሴቷ ጥቂት ጥቂት እንቁላል ትጥላለች፣ ወንዱ ያዳብራል፣ እሷ በአፏ ትሰበስባለች። ብዛታቸው በአሥር በአሥር የሚቆጠር እንጂ እንደ ቆሮሶ በመቶ የሚቆጠር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ያለው ነው ይህን ዓሣ ከዘመዱ የሚለየው። ቆሮሶን እንውሰድ። ወንዱ ጎጆውን ይቆፍራል፣ ሴቷ መጥታ ትጥላለች፣ እንቁላሉን በአፏ ይዛ ትሄዳለች፤ እሱ ደግሞ ሌላ ይጠብቃል። ልጅ ማሳደጉ የእናት ብቻ ነው። ፍላቪፒኒስ ግን ይካፈላሉ። እናት ከ9 እስከ 12 ቀን ገደማ በአፏ ትይዛለች፤ አገጯ አብጦ ታዩታላችሁ። ከዚያ ከወንዱ ጋር ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ጫጩቶቹን ትተፋለች፣ እሱ በአፉ ይቀበላል። ቀሪውን ጊዜ አባት ይይዛል። ሲለቀቁም ሁለቱ አብረው ይጠብቃሉ፤ አደጋ ሲመጣ ጫጩቶቹ ተመልሰው አፍ ውስጥ ይገባሉ። ያ ባዶ ሜዳ ነው ይህን ያስተማራቸው። መሸሸጊያ በሌለበት አገር ከወላጅ አፍ የተሻለ ዋሻ የለም።

በዚህ ጊዜ የእናንተ ሥራ እጃችሁን መሰብሰብ ነው። ሴቷን በመረብ አታንሡ፤ ከደነገጠች ትተፋለች ወይም ትውጣለች። ርክክቡ እስኪያልፍ ውሃ አትለውጡ፤ ድንጋይ አታንቀሳቅሱ። የመጀመሪያ ልደታቸው ብዙ ጊዜ ይከሽፋል፤ የእኔዎቹ የተሳካላቸው በአራተኛው ነው። ጫጩቶቹ ከወጡ በኋላ ገና የተፈለፈለ አርቴሚያ ስጡ። እንቁላሉን በአንድ ሊትር ውሃ 25 ግራም ጨው አድርጋችሁ፣ ሞቅ ባለ ቦታ፣ አየር እየነፋችሁበት ብታኖሩት በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ይፈለፈላል። ጫጩቶቹ ወዲያው እንደ ወላጆቻቸው አሸዋ ለመቅመስ ይሞክራሉ፤ አንድ ፍሬ አንሥተው አንድ ፍሬ ይተፋሉ።

የሳምንቱ ሥራ

በሳምንት አንዴ አምስተኛውን እጅ ውሃ በቱቦ ስባችሁ በተዘጋጀ ውሃ ተኩ፤ ሙቀቱ እኩል ይሁን። ቱቦውን አሸዋው ውስጥ አትውጉት፤ ከላዩ ጣት ያህል አርቃችሁ ኩሱን ብቻ ሳቡ። ማገላበጡን ባለቤቶቹ ይሠሩታል። ስፖንጁን ከቧንቧ ሥር አትጠቡት፤ ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ይጨርሰዋል። ከገንዳው በሳባችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉትና መልሱ።

ገንዳው ቢሰለቻችሁ ወይም ጫጩት ቢበዛባችሁ አንድም ዓሣ ወደ ሐይቁ እንዳትለቁ። ይኖራል አይኖርም ብላችሁም አትከራከሩ፤ ከሩቅ አገር የመጣ ዓሣ ምን በሽታ ይዞ እንደሚገባ ማንም አያይለትም፤ የአሞራ ገደል ሰው ደግሞ የሚኖረው በዚያ ሐይቅ ነው። ለሌላ አርቢ ስጡት። እኔ ዘንድ ጫጩት ሊወስድ የሚመጣ ሰው ገንዳው ተዘጋጅቶ ስድስት ሳምንት መሙላቱን ሳይነግረኝ አያገኝም። ሲወስድም ከገንዳዬ አንድ ባልዲ እርጥብ አሸዋ ከነባክቴሪያው እሰጠዋለሁ፤ ከራሱ አሸዋ ላይ እንዲበትነው። እስካሁን አሸዋውን ያልተጠቀመበት የለም። ባልዲውን የመለሰ ግን አንድ ሰው ብቻ ነው።